እንጀራን ሳይጠሉ ቦርጭን መቀነስ

አማርኛችን እንጀራን ከምግብነት አሳልፎ የኑሮ መለኪያ አድርጎታል። ዕድል የቀናው ሰው «እንጀራ ወጣለት» ይባላል። ከሥራ የተፈናቀለ ሰው አለቃውን «እንጀራዬን ዘጋብኝ» እያለ ይከሰዋል። የአባት ሚስት እንኳ «እንጀራ እናት» ናት። በዚህ ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው አንድ ቀን ብድግ ብሎ «እኔ እንጀራ ትቻለሁ» ቢል፣ ጎረቤቱ «ታሞ ይሆን?» ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ወሬው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እኛም ዘንድ ደርሷል። «ካርቦሃይድሬት ተው፤ ቦርጭህ ይጠፋል፣ ድካሙም ይለቅሃል» የሚለው ምክር ከአዲስ አበባ ጂምናዚየሞች ተነስቶ፣ ውጭ አገር በሚኖሩ ዘመዶቻችን ስልክ በኩል አልፎ፣ ደቡብ ወሎ ቦረና ድረስ ዘልቋል። አንዱ «ሎው ካርብ» ይለዋል፣ ሌላው «ኬቶ»። እኔም መኖሪያዬ መካነ ሰላም፣ ሥራዬ ከወንበር የማያስነሳ፣ ወገቤም ከዓመት ዓመት ቀበቶ የሚያስለውጠኝ ሰው ነኝና ነገሩን ለአሥራ ሁለት ሳምንታት ሞከርኩት። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ሳይንሱ ምን እንደሚል፣ በደጋው ሰው ገበታ ላይ ሲቀርብ ምን እንደሚመስል፣ እንዲሁም ማን በራሱ ውሳኔ ሊሞክረው እንደማይገባ ነው። የመጨረሻው ነጥብ የሰው ሕይወት ያለበት ነውና እባካችሁ እስከዚያ ድረስ አብራችሁኝ ቆዩ።

«ኃይል ሰጪ» የተባለው ምግብ

አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ምግብ ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢና በሽታ ተከላካይ ተብሎ በሦስት እንደሚከፈል ተምረናል። ካርቦሃይድሬት ከኃይል ሰጪዎቹ ዋነኛው ነው። ስኳር፣ ዳቦ፣ እንጀራ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ቆሎ፣ በሶና ገንፎ ሁሉም በብዛት የያዙት እሱን ነው። ሆድ ውስጥ ሲፈጩ አብዛኛው ክፍላቸው ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጥና ወደ ደም ይገባል። በዚህ ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ታመነጫለች። ኢንሱሊን ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻ፣ ወደ ጉበትና ወደ ስብ ማከማቻዎች እንዲገባ በር ይከፍታል።

ከዕለት ፍጆታ የተረፈው ስኳር በቅድሚያ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ይቀመጣል። ይህ ጎተራ ግን ጠባብ ነው፤ ለአንድ ጎልማሳ ሰው ከግማሽ ኪሎ ብዙም አያልፍም። ጎተራው ሞልቶ ሰውየው መብላቱን ከቀጠለ፣ ትርፉ ኃይል በስብ መልክ ይከማቻል። ቦርጭ የምንለው እሱን ነው።

የካርቦሃይድሬት ቅነሳ አራማጆች የሚሉትም ከዚህ ይነሳል። ሰውነት ከውጭ የሚገባለት ስኳር ሲያንሰው ፊቱን ወደተከማቸው ስብ ያዞራል። ቅነሳው ጠበቅ ያለ ከሆነ፣ ማለትም በቀን ከ50 ግራም በታች ከሆነ፣ ጉበት ከስብ ኪቶን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን እየሠራ ለአንጎል ጭምር ያቀርባል። «ኬቶ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በቀን እስከ 130 ግራም ገደማ የሚፈቅደው ደግሞ ለዘብ ያለው መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ በየቤቱ የሚነገር ነገር ላርም። «ጤፍ ስኳር የለውም፣ የስኳር በሽተኛ እንደልቡ ይብላው» የሚሉ ብዙ ናቸው። ጤፍ ውስጥ የሌለው ግሉተን የተባለው ፕሮቲን ነው። ካርቦሃይድሬትማ አለው፤ ከደረቅ ጤፍ ከመቶው 70 ያህሉ እሱ ነው። ገብሱም፣ ስንዴውም፣ ማሽላውም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ገብስና አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር ስላላቸው ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያሉ፤ ይህ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን «አጃ ያከሳል» ተብሎ በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ አጃ ማንንም አያከሳም።

ነገሩ አዲስ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1863 ዊሊያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ቀብር አስፈጻሚ ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ትቶ እንዴት እንደከሳ የሚተርክ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ምክሩን የሰጠው ሐኪሙ ዊሊያም ሃርቪ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት አትኪንስ ያንኑ ሐሳብ አጠንክሮ በመጽሐፍ አወጣው። የእሱ የመጀመሪያ ደረጃ በቀን 20 ግራም ካርቦሃይድሬት ብቻ ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ፋሽን ሆኖ የዳቦና የፓስታ ሻጮችን እስከማስደንገጥ ደርሶ ነበር።

ታዲያ ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የታተመ የ63 ሰዎች ጥናት ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በስድስት ወር ውስጥ የበለጠ መክሳታቸውን አሳየ። ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2018 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን ካርቦሃይድሬት፣ ግማሾቹን ቅባት አስቀንሰው ለ12 ወራት ተከታተሏቸው። ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በአማካይ 6 ኪሎ፣ ቅባት የቀነሱት 5.3 ኪሎ ቀነሱ። ተመራማሪዎቹ ይህን እንደ ልዩነት አልቆጠሩትም። በሁለቱም ወገን ከ25 ኪሎ በላይ ያራገፈ ነበረ፤ በሁለቱም ወገን ጭራሽ የወፈረ ነበረ።

ልብ በሉ፤ ለሁለቱም ቡድኖች የተሰጠ አንድ የጋራ ምክር ነበር። ስኳርና ነጭ ዱቄት ቀንሱ፣ አትክልት አብዙ፣ ቤት ውስጥ የተሠራ ምግብ ብሉ የሚል ነው። ለእኔ ከጥናቱ ሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይኸው ነው። ሰው የሚከሳው ከሚያቃጥለው ያነሰ ኃይል ሲያስገባ ነው። ካርቦሃይድሬት መቀነስ ወደዚያ ከሚያደርሱ መንገዶች አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። ጥያቄው የቱን መንገድ ሰውየው ዓመት ሙሉ ሊሄድበት ይችላል የሚል ነው።

በመካነ ሰላም ገበታ ላይ

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። አንድ ደህና እንጀራ 300 ግራም እና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ከግማሽ በላይ ውኃ ቢሆንም የሚይዘው ካርቦሃይድሬት ወደ 100 ግራም ይጠጋል። እንግዲህ በቀን 50 ግራም የተፈቀደለት ሰው ድርሻው ግማሽ እንጀራ ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም ሳይነካ! የአትኪንስን 20 ግራም ለሚከተል ሰው ደግሞ ሁለት ሦስት ጉርሻ ከተቀበለ የዕለቱ ነገር አበቃ።

እኔ የጀመርኩት ከጥምቀት ማግስት ነው። ክብደቴ 86 ኪሎ፣ ወገቤ 102 ሴንቲ ሜትር ነበር። ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ወገብ ለልብና ለስኳር በሽታ ያለውን ስጋት እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። የቀድሞ ምሳዬ አንድ ተኩል እንጀራ ነበር፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ዓይኔን ገልጬ መቆየት ትግል ነው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር እጠጣለሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነውና በሻይ ብቻ 48 ግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የተሻለ መጠን በቀን 25 ግራም ገደማ ነው። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮካ ኮላ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ይይዛል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከ50 ግራም በታች ሆንኩ። እንጀራ የለ፣ ዳቦ የለ፣ ስኳር የለ። እንቁላል፣ ጥብስ፣ ጎመን በሥጋ፣ አይብ፤ በረቡዕና በዓርብ ጎመንና ተልባ ብቻ። ራስ ምታት ያዘኝ፣ ጉልበቴ ዛለ፣ አፌ ደስ የማይል ሽታ አመጣ፣ ሆድ ድርቀትም ተጨመረበት። ይህ የታወቀ ነገር ነው። ጎተራው ውስጥ ያለው ግላይኮጅን እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። እሱ ሲያልቅ ውኃውም፣ ከውኃው ጋር ጨውም ይወጣል። ውኃ መጠጣትና ሾርባ ላይ ጨው ማድረግ ስሜቱን ያቀለዋል፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ጨው ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት 2.5 ኪሎ መቀነሴም በአብዛኛው ይኸው ውኃ ነው። «በሳምንት ሦስት ኪሎ ስብ አራገፍኩ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ለዘብ ወዳለው መንገድ ተሸጋገርኩ። በቀን አንድ እንጀራ ለምሳና ለእራት ተከፍሎ፣ ወጡ በዛ ብሎ፣ ስኳር ግን ጭራሽ ሳይኖር። የከሰዓቱ እንቅልፍ የለቀቀኝ ያን ጊዜ ነው። ብዙ ስታርች በአንድ ጊዜ ሲገባ የደም ስኳር በፍጥነት ይወጣል፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ዝቅ ብሎ መልሶ ያስርባል። ምሳው ራሱ ማነሱም ሆድን አያከብድም።

ሰውን ማስረዳቱ ግን ከራስ ምታቱ ይብስ ነበር። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰበትን ረሃብ የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። በእነሱ ፊት ወፍራም ሰው የተመቸው ሰው ነው። እኔ ስከሳ «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው? ሐኪም ዘንድ ሂድ እንጂ» ያሉኝ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ልቅሶ ቤት ንፍሮ፣ ቡና ሲፈላ ቆሎ፣ ድግስ ላይ ጉርሻ አለ። እምቢ ማለት ምግቡን ሳይሆን ሰውየውን እምቢ ማለት ይመስላል። ባለቤቴም ለልጆች አንድ፣ ለእኔ ሌላ ወጥ መሥራት ግድ ሆኖባት ነበር። ለሁለት ሳምንት የገዛሁት ሥጋና እንቁላል ደግሞ ቤተሰቡን ሙሉ ለወር በሽሮ ያሳልፍ ነበር። አንዱን ገበታ ሳይከፍል የሚሠራ አመጋገብ ካልሆነ በእኛ ቤት አይዘልቅም።

ጾሙ ሲገባ

አራተኛው ሳምንት አልቆ ዐቢይ ጾም ገባ። ለኦርቶዶክስ ክርስቲያን ጾም ቀልድ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲደመር ከ180 እስከ 250 ቀን ይደርሳል። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለም። የፈረንጁ የኬቶ ዝርዝር እንዳለ ወደ ውኃ ገባ ማለት ነው።

መፍትሔው ግን እዚሁ ደጋው ላይ የሚበቅል ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ካርቦሃይድሬት አላቸው፤ ነገር ግን ከመቶው 20 እና ከዚያ በላይ ፕሮቲን፣ በርከት ያለ አሰርም ስላላቸው ስኳራቸው ቀስ ብሎ ነው የሚለቀቀው፤ ያጠግባሉም። ተልባ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ያለው ካርቦሃይድሬት አብዛኛው አሰር ነው፤ ሌላው ዘይትና ፕሮቲን። ጎመንና ቆስጣ እስኪጠግቡ ቢበሏቸው ቁጥሩን አያበላሹም። እኔ ጾሙን በግማሽ እንጀራ፣ ወፈር ባለ ሽሮ፣ በድርብ ጎመንና በተልባ አሳለፍኩት። በዚያው ሰሞን ረመዳንን ይጾሙ የነበሩ ሙስሊም ጎረቤቴ ደግሞ ማፍጠሪያው ላይ ስኳር የበዛበትን ጭማቂ በውኃ ተክተው፣ ሳምቡሳውን ከአራት ወደ አንድ አውርደው፣ «ተራዊህ ላይ እንቅልፍ ለቀቀኝ» ብለውኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ ጓያ። ርካሽ ነው፣ ሽሮ ውስጥም ይቀላቀላል። እንጀራን ቀንሶ በጥራጥሬ የሚተካ ሰው በየቀኑ ጓያ ላይ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ አለበት። ጓያን ለሁለት ለሦስት ወራት ዋና ምግብ ማድረግ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በወሎ ደላንታ አካባቢ ረሃብ ሰዎችን ወደ ጓያ በገፋ ጊዜ ብዙዎች እንዲህ ሆነዋል።

የፋሲካ ዋዜማ ስመዘን 80 ኪሎ፣ ወገቤ 95 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። በአሥራ ሁለት ሳምንት ስድስት ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ የሄደው በመጀመሪያው ሳምንት ሲሆን፣ የቀረው በዝግታ፣ እንጀራ እየበላሁ የሄደ ነው።

መድኃኒት ለሚወስድ ሰው

አሁን ወደዚያ ወሳኝ ነጥብ ልምጣ። የአባቴ ታናሽ ወንድም የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። እኔ ስከሳ አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ስኳሩን ካልበላሁ መርፌው ለምኔ ነው?» አሉኝ። «አይሆንም ጋሼ! መጀመሪያ ሐኪምዎ ጋ እንሂድ» አልኳቸው፤ ሄድንም። እሳቸው ያሰቡትን በልባቸው አስበው መርፌ የሚተዉ ሰዎች መኖራቸውን እዚያው ሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ታቆማለች። ኢንሱሊን ከሌለ ሰውየው ምግብ ቢተውም ጉበት ራሱ ስኳር ያመርታል፤ ስቡም ያለ ልክ እየተሰባበረ ደሙ በኪቶን ይመረዛል። ይህ በቀናት ውስጥ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በቶሮንቶ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ከመውሰዱ በፊት፣ ሐኪሞች የነበራቸው ሕክምና ምግብ መከልከል ብቻ ነበር። ሕፃናቱ ቆዳና አጥንት እስኪሆኑ ይከሱና ይሞቱ ነበር። በምግብ ቅነሳ ብቻ ኢንሱሊንን መተካት እንደማይቻል ዓለም የተማረው በእነሱ ነው።

በዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ሁኔታው ይለያል። ካርቦሃይድሬት መቀነስ የደም ስኳርን በእርግጥ ያወርዳል፤ አንዳንዱም መድኃኒቱን ሊቀንስ ይችላል። አደጋው ያለው መድኃኒቱ ሳይቀነስ እንጀራው ሲቀር ነው። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በድንገት ካርቦሃይድሬት ቢያቆም ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ ከዚያም ራስን መሳት ይከተላል። እንዲህ ያለ ሰው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያው መስጠት፣ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሕክምና መሮጥ ያስፈልጋል። ዳፓግሊፍሎዚንን የመሰሉ አዳዲስ ክኒኖች የሚወስዱ ደግሞ ጥብቅ የኬቶ አመጋገብ ቢጀምሩ ስኳራቸው ሳይጨምር እንኳ በኪቶን የመመረዝ አደጋ አለባቸው።

ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ልጆች፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና ቀድሞውኑ የከሱ ሰዎችም ይህ አመጋገብ የእነሱ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከልክ በላይ የከሱ፣ 8 በመቶው ብቻ የወፈሩ ነበሩ። በአገራችን ለብዙው ሰው ችግሩ ዛሬም ማነሱ ነው። ቦርጭ ያወጣን ሰዎች የራሳችንን ምክር ለጎረቤት ሁሉ ማደል የለብንም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መድኃኒት የማይወስድና ወገቡ ከልክ ላለፈ ጎልማሳ፣ ከአሥራ ሁለቱ ሳምንታት የያዝኩትን ላካፍል።

አንደኛ፣ በስኳሩ ይጀምሩ። የሻይና የቡና ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ብስኩትና ኬክ ሲቀሩ የሚጎዳ ሰው የለም። ጠላና ቢራም ቢሆኑ ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ።

ሁለተኛ፣ እንጀራውን አይተዉት፤ ይቀንሱት። አንድ ተኩሉን ግማሽ አድርገው፣ ወጡንና ጎመኑን ያብዙ። መጀመሪያ ጎመኑንና ጥራጥሬውን፣ እንጀራውን ወደ መጨረሻ ላይ ቢበሉ ደግሞ የደም ስኳር አወጣጡ ይለዝባል።

ሦስተኛ፣ «ካርቦሃይድሬት ስለሌለው» ተብሎ ቅቤ ያለ ልክ አይጨመርም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 100 ካሎሪ ገደማ አለው፤ በአንዳንድ ሰው ላይም መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል።

አራተኛ፣ ከምሳና ከእራት በኋላ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ በእግር ይሂዱ። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ስኳሩን ከደም ይወስዳል። የመካነ ሰላም አቀበት ለዚህ በነፃ የተሰጠን ጂም ነው።

አምስተኛ፣ ከሚዛኑ ይልቅ ሜትሩን ይመኑ። ሚዛን ውኃውንም ይቆጥራል፤ ወገብዎ ግን በወር አንድ ጊዜ ሲለካ እውነቱን ይናገራል።

መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ከአምስቱ በፊት የሚመጣ አንድ ነገር አለ። ካርድዎንና ክኒንዎን ይዘው፣ «ምግቤን ልቀንስ አስቤያለሁ፤ መድኃኒቴስ?» ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ። መልሱን ሳይሰሙ አንድ እንጀራም እንዳይቀንሱ።